የቆየ ቀይ ወይን እንዴት ይቀመጣል? እንዴትስ ይቀመሳል?

ሃያ ዓመት በጥንቃቄ የተቀመጠ ወይን በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠርሙሱ በመኪና እየተንገጫገጨ መጣ። እንደደረሰ ተከፈተ። ወዲያው ለስድስት ሰው ተቀዳ። ሁሉም ብርጭቆ ውስጥ የገባው የደፈረሰ፣ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ነበር። "የቆየ ወይን ማለት ይሄ ነው እንዴ?" አለ አንዱ። ወይኑ እኮ ምንም አልነበረበትም። ጥቂት ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ ቢያርፍ ኖሮ ጥርት ብሎ ይወርድ ነበር።

ወይን ማስቆየት ትዕግሥት ይጠይቃል ሲባል ሁላችንም የምናስበው ዓመታቱን ነው። ዓመታቱ ግን ቀላሉ ክፍል ናቸው። ጥሩ ቦታ ካገኛችሁለት ወይኑ ራሱን ያስቆያል። የእናንተ እጅ በብዛት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ላይ፣ ስትመርጡትና ስታስቀምጡት፣ ከዚያም መጨረሻ ላይ፣ ስትከፍቱት ነው። ስለዚህ በነዚህ ሁለት ጫፎች ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ሁሉም ወይን አይቆይም

"ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል" የሚለው ለአብዛኛው ወይን አይሠራም። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን የሚበዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አሥር ዓመት ብታስቀምጡት የፍሬ ጣዕሙ ይጠፋል። የሚተርፋችሁ የደከመ፣ ኮምጠጥ ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መምረጥ ነው።

ለመቆየት አቅም ያለው ቀይ ወይን ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይዞ ይነሣል፦ ታኒን፣ አሲድና ጠለቅ ያለ የፍሬ ጣዕም። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ ውስጥ ካለው ዘር ይመጣል። ወይኑ በአዲስ በርሜል ከቆየ ከእንጨቱም ይጨመርበታል። ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጥቁር ሻይ ከልክ በላይ አፍልቶ ያለ ስኳር ይቅመስ። ድድንና ምላስን ይዞ የሚያደርቀው ያ ስሜት ታኒን ነው። አሲዱ ደግሞ ምራቃችሁን የሚያመጣው ነው። አዲስ ሳለ ሦስቱም ይጮኻሉ። በጊዜ ብዛት ይስማማሉ።

ጠርሙሱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ይገልጥላችኋል። ታኒኑና ለወይኑ ቀለም የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ቀስ በቀስ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሲያያዙ ይከብዳሉ። ሲከብዱ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። በቡሹ በኩል የሚገባው እጅግ ጥቂት አየርም ሥራውን ያግዛል። ለዚህ ነው የቆየ ወይን ቀለሙ የሚሳሳው፣ አፍ ላይም የሚለሰልሰው። ለዚህም ነው ከታች አተላ የሚኖረው። አተላው የብልሽት ምልክት አይደለም። ወይኑ የጣለው ሸክም ነው።

በማስቆየት ስማቸው የወጣ ቦታዎች አሉ። በፈረንሳይ የቦርዶ ወይን በዋናነት ካበርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ ከሚባሉ የወይን ፍሬ ዝርያዎች ይሠራል። ኤርሚታዥ ከሲራ፣ ቀይ ቡርጎኝ ደግሞ ከፒኖ ኗር ይሠራሉ። በጣሊያን ባሮሎ ከኔቢዮሎ፣ ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ከሳንጆቬዜ ይሠራሉ። በስፔን ሪዮሃ አለ። አንዳንዶቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንዲቆዩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ባሮሎ ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል ነው። ግራን ሬዜርቫ የሚል የተጻፈበት ቀይ ሪዮሃ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ዓመት በበርሜል ያሳልፋል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ግራን ሬዜርቫ ነው። ከፊሉን ጥበቃ አምራቹ ጠብቆላችኋል።

ቦርዶ ላይ በ1855 እ.ኤ.አ. የወጣው የወይን አምራቾች የደረጃ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ አዝዞ የተዘጋጀ ነው። ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተነካም። ትልቁ ለውጥ በ1973 እ.ኤ.አ. ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ የተባለው አምራች ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው። ዝርዝሩ መንገድ ያሳያል እንጂ ጠርሙሱን አይቀምስላችሁም። እኔ ከደረጃው ይልቅ የመኸሩን ዓመት አያለሁ። ለምሳሌ የ2010 ቦርዶ ታኒኑም አሲዱም ከፍ ያለ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ነው። ደካማ ዓመት ላይ ከታላቅ ስም ይልቅ ጥሩ ዓመት ላይ መካከለኛ ስም ይሻለኛል።

የቻላችሁ ከአንድ ወይን ስድስት ጠርሙስ ግዙ። አንድ ብቻ ካላችሁ መቼ እንደምትከፍቱት ስትጨነቁ ትኖራላችሁ። ስድስት ከሆነ አንዱን እየከፈታችሁ የቀሩት የት እንደደረሱ ትሰማላችሁ። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዘው ማግነም የሚባለው ትልቅ ጠርሙስ ደግሞ ከተለመደው 750 ሚሊ ሊትር ቀስ ብሎ ያረጃል፤ ለወይኑ ብዛት የሚደርሰው አየር አነስተኛ ስለሆነ ነው።

ቀድሞውኑ የቆየ ጠርሙስ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። ደጋግማችሁ ጠይቁ። ከዚያ የወይኑን ከፍታ ተመልከቱ። ትከሻ ባለው የቦርዶ ጠርሙስ ወይኑ አንገቱ ውስጥ ካለ ጥሩ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ወይን ትከሻው አናት ላይ ቢደርስ ያለ ነው። ትከሻው መሐል ከወረደ ግን ቡሹ አየር አስገብቷል ማለት ነው፤ እኔ አልገዛውም። ውድ የሆኑ የድሮ ጠርሙሶች በሐሰት እንደሚሠሩም አትርሱ። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ርካሽ ወይን እየደባለቀ ታላላቅ ስሞችን ሲለጥፍ ተይዞ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ጥፋተኛ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት የአሥር ዓመት እስር ተፈረደበት። ያጭበረበራቸው ለዓመታት ወይን ሲሰበስቡ የኖሩ ሰዎችን ነበር።

ቦታውን ማዘጋጀት

ወይን የሚጠላው ሙቀት፣ ብርሃን፣ ድርቀትና ንዝረት ነው። ከሁሉም የከፋው ሙቀት ነው። እሱንም ቢሆን ከሙቀቱ ልክ ይበልጥ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው።

ተመራጩ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ከሌላችሁ አትደንግጡ። ዓመቱን ሙሉ 17 ላይ የሚቆም ክፍል፣ ቀን 22 ሌሊት 11 ከሚሆን ክፍል በብዙ ይበልጣል። በ17 ዲግሪ ወይኑ ቶሎ ያረጃል፤ ያው ነው፣ ቀደም ብላችሁ ትጠጡታላችሁ። ሲዋዥቅ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ሲሞቅ ወይኑ ይሰፋና ቡሹን ወደ ውጭ ይገፋል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ጠርሙሱ እየተነፈሰ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ይህን የተማርኩት በአራት ጠርሙስ ነው። ቦታ ጠቦኝ ኩሽና ውስጥ፣ ከላይኛው ቁም ሣጥን ከትቻቸው ነበር። ከታች ምድጃ አለ። የምድጃው ሙቀት በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። ከአንድ የሙቀት ወቅት በኋላ ሳወርዳቸው የሁለቱ ቡሽ አንገቱ ላይ የሚጠቀለለውን ስስ ቆብ ከሥር ገፍቶ አሳብጦታል። ጠርዙ ላይ የደረቀ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ወይን ነበር። ስከፍተው የተቀቀለ ፍራፍሬ ሸተተኝ። የማርማላታ ሽታ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም። አራቱም እንደዚያ ነበሩ። እስከ ዛሬ አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው የወይኑን ቦታ ነው።

ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ግዙ። የምታስቡት ጥግ ላይ አስቀምጡት። ቢያንስ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወቅት አንድ አንድ ወር ይቆይ። ምድር ቤት ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ወለሉ አጠገብ ያለ፣ መስኮት የማያየው ጓዳ ወይም ቁም ሣጥን ፈልጉ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ የታችኛው መደርደሪያ ምንጊዜም ይሻላል። ይህ ሁሉ ካልተሳካ የወይን ፍሪጅ የሚባለው አለ። የተለመደው የምግብ ፍሪጅ ለጥቂት ቀን እንጂ ለዓመታት አይሆንም። ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሞተሩም ያንቀጠቅጠዋል።

እርጥበቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ደረቅ ከሆነ ቡሹ ይኮማተራል። በጣም እርጥብ ከሆነ ጉዳቱ በመለያ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ይሻግታል እንጂ ወይኑ ውስጥ አይገባም። ቡሽ ያለውን ጠርሙስ በጎኑ አስተኙት፤ ወይኑ ቡሹን እንዲያርሰው። የተጻፈበትን ወረቀት ወደ ላይ አድርጉት። ይህች ትንሽ ልማድ ሁለት ጥቅም አላት። ጠርሙሱን ሳትነኩ ታነቡታላችሁ። አተላውም በተቃራኒው ጎን ስለሚሰበሰብ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ አታገላብጡት። አንዳንድ ሰው በየወሩ እያነሣ፣ እየጠረገ፣ እየመለሰ ያስቀምጣል። እባካችሁ ተዉት።

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ስሙን፣ የመኸሩን ዓመት፣ የገዛችሁበትን ቀን፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ አስታውሰዋለሁ ብሎ ያስታወሰ ሰው አላየሁም።

መቼ ይከፈት?

ትክክለኛ ቀን የሚባል ነገር የለም። ወይን ወጣትነቱን ከጨረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚዘጋበት ዘመን አለ። ፍሬው ይደበቃል፣ መዓዛው ይጠፋል፣ ታኒኑ ብቻ ፊት ለፊት ይቀራል። በዚህ ጊዜ ከፍቶ ያዘነ ሰው ወይኑ ሞተ ብሎ የቀሩትን ይሸጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ቢታገሥ ተመልሶ ይከፈት ነበር። ስድስት ጠርሙስ ግዙ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሳትከፍቱ የምታዩት አንድ ምልክት አለ። ጠርሙሱን ሳታናውጡ አንገቱን በእጅ ባትሪ ከኋላ አብሩበት። አንገት ውስጥ ያለው ወይን ደማቅ ቀይ ከሆነ ገና ጊዜ አለው። የጡብ ቀለም ይዞ ጥርት ካለ ደርሷል። ወደ ሻይ ቀለም ቡኒ ከሄደ ዛሬ ነገ አትበሉ። ጥርጣሬ ውስጥ ከሆናችሁ የኔ ምርጫ ቀደም ብሎ መክፈት ነው። ትንሽ የፈጠነ ወይን የሚናገረው ነገር አለው። ያለፈበት ምንም የለውም።

ሁለት ቀን ቀደም ብሎ

ከመክፈታችሁ ሁለት ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ቀስ ብላችሁ፣ በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ። አተላው በጎን ካለበት ተንሸራትቶ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቀን ዝቅተኛው ነው። እንደ ባሮሎ ያለ አተላው ደቃቅ የሆነ ወይን ከሆነ ሦስትና አራት ቀን ስጡት። ከሩቅ የመጣ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ይረፍ።

ሲቀርብ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይላል። "በክፍሉ ሙቀት ይጠጣ" የሚለው ምክር የመጣው ቤቶች ቀዝቃዛ ከነበሩበት ዘመን ነው። 24 ዲግሪ ላይ የቆየ ወይን አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ስሱ መዓዛው ከሥሩ ይቀበራል። ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ቢቀርብ ብርጭቆ ውስጥ ራሱ ይሞቃል። ሞቆ ከቀረበ ግን መመለሻ የለውም።

ቡሹን ማውጣት

የቆየ ቡሽ ደክሟል። ዳርና ዳሩ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል፣ መሐሉ ይፈረካከሳል። ጠርሙሱ እንደቆመ፣ ሳታዘሙት፣ ቆቡን ከአንገቱ ከንፈር በታች ቁረጡና አንሡት። ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ብታዩ አትፍሩ፤ እርጥበት ያለበት ቦታ እንደኖረ ይናገራል እንጂ ወይኑን አይመለከትም። እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ጥርግ አድርጉት።

ጠመዝማዛው መክፈቻ ካላችሁ መሐሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ። ግማሽ መንገድ ላይ ከሳባችሁ ቡሹ ለሁለት ይበጠሳል። እኔ ለቆየ ጠርሙስ የምወደው ሁለት ቀጭን ምላስ ያለውን መክፈቻ ነው። ቡሹን አይወጋም። ረዘም ያለውን ምላስ በቡሹና በመስተዋቱ መካከል ታስገባላችሁ፤ ከዚያ አጭሩን በሌላው ወገን። ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ወደ ታች ትገፋላችሁ። ከዚያ እየጠመዘዛችሁ ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቡሹ ላልቶ ከሆነ ይህ መክፈቻ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስትነኩት ከተንቀሳቀሰ ጠመዝማዛውን ተጠቀሙ።

ተበጠሰባችሁ? የቀረውን በጠመዝማዛው አዘም አድርጋችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ ወደ ውስጥ ግፉትና ሽታ በሌለው፣ ሳሙና ባልነካው ንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ወይኑ አይጎዳም። የወጣውን ቡሽ ማሽተት ብዙ አይነግራችሁም። ጎኑን ግን እዩት። ከታች ብቻ ከቀላ ሥራውን ሠርቷል። የወይን መስመር እስከ አናቱ ከወጣ ሲያፈስስ ነበር ማለት ነው።

ከአተላው መለየት

መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ብቻ ቀድታችሁ ቅመሱ። ዲካንተር በሚባለው የወይን መገልበጫ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ መገልበጥ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚነግራችሁ ይህ ጉንጭ ነው። ዲካንተር ሁለት የተለያየ ሥራ አለው፤ አተላ መለየትና አየር መስጠት። ገና አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ጠንካራ ወይን ሁለቱም ይጠቅመዋል፤ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ሠላሳና አርባ ዓመት የሆነው ግን አየር ሊገድለው ይችላል። መዓዛው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሲያልቅ አይቻለሁ። እሱን ልትጠጡ ስትሉ ብቻ፣ ለአተላው ሲባል፣ ጠበብ ባለ ዕቃ ገልብጡና ወዲያው አቅርቡ።

አገለባበጡ እንዲህ ነው። ሻማ አብሩ፤ የእጅ ባትሪም ይሆናል። ብርሃኑ ከጠርሙሱ ትከሻ በታች ይሁን። ጠርሙሱን በአንድ እጅ፣ ዲካንተሩን በሌላው ያዙ። ወይኑ በዕቃው ግድግዳ ላይ እንደ ቀጭን ሪባን እየተንሸራተተ ይውረድ። አንድ ጊዜ ከጀመራችሁ አታቁሙ፤ ጠርሙሱን መልሳችሁ ካቀናችሁ አተላው ይናወጣል። ዓይናችሁ ትከሻው ላይ ይሁን። ለረጅም ጊዜ የሚታያችሁ ጥርት ያለ ቀይ ብርሃን ነው። ከዚያ ጭስ የመሰለ ቀጭን ክር ብቅ ይላል። ቀስ እያለ ወደ አንገቱ ይጓዛል። ከኋላው ጥቁር ቅንጣቶች ይከተላሉ። ጭሱ አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ጠርሙሱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ይቀራል። ለእሱ አትሳሱ።

ማየት፣ ማሽተት፣ መቅመስ

አፉ ጠበብ ያለ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ያዙ። ሲሶውን ብቻ ቅዱ። ነጭ ወረቀት ላይ አዘም አድርጋችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። አዲስ ቀይ ወይን ጠርዙ ሐምራዊ ነው፤ አማርኛችን ያንን ቀለም ራሱን "ወይን ጠጅ" ይለዋል። ወይን እያረጀ ሲሄድ የሚተወው በስሙ የተጠራውን ቀለም ነው። መጀመሪያ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ጡብ፣ ኋላም ብርቱካን ያዘለ ቡኒ ይሆናል። መሐሉ ከጠርዙ ምን ያህል እንደሚለይ እዩ።

ከዚያ ሳታሽከረክሩት አሽትቱ። የቆየ ወይን የመጀመሪያ መዓዛ ስስ ነው፤ ወዲያው ካሽከረከራችሁት ይበተናል። ሲከፈት የታፈነ ክፍል የመሰለ ሽታ ቢኖረው ጥቂት ደቂቃ ታገሡት። አዲስ ወይን ፍሬ ፍሬ ይሸታል። የቆየው ግን ወደ ሌላ ዓለም ይወስዳችኋል፦ ቆዳ፣ ደረቅ ትምባሆ፣ እንጉዳይ፣ ዝናብ የነካው የረገፈ ቅጠል፣ የደረቀ በለስ፣ የእርሳስ እንጨት። ባሮሎ ላይ የደረቀ ጽጌረዳና ሬንጅ ይመጣል። ሰው የጻፈውን ቃል ለማግኘት አትድከሙ። የራሳችሁን ትዝታ ጥሩ። "የአያቴ ሣጥን" ብላችሁ ብትጽፉ ለእናንተ ከማንኛውም ቃል የበለጠ ይነግራችኋል።

ከቻላችሁ መለያውን ሸፍናችሁ ቅመሱ። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት፣ ወይን ጠመቃ የሚማሩ 54 ሰዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን እንዲህ ከመራ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ታላቅ ስምማ ምን ያደርጋል?

አሁን ቅመሱ። ትንሽ ጉንጭ ያዙ። አሥር ሰከንድ ያህል አፍ ውስጥ አዙሩት። ከንፈራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ጥቂት አየር ሳቡበት። ታኒኑ የት ነው? ድድ ላይ እንደ ሸካራ ጨርቅ ነው ወይስ እንደ ከፋይ? አሲዱ ምራቅ ያመጣል? ከዋጣችሁት ወይም ከተፋችሁት በኋላ በልባችሁ ቁጠሩ። ጥሩ የቆየ ወይን ከሃያ ሰከንድ በኋላም አፍ ውስጥ እየተለዋወጠ ይቆያል። እዚህ ላይ ጉልበት አትፈልጉ። ከወጣት ወይን ጋር እያወዳደራችሁ "ስስ ነው" ካላችሁ ያመልጣችኋል። የሚፈለገው ልስላሴው፣ ርዝመቱና ሁሉም ነገር ተስማምቶ መገኘቱ ነው።

ብልሽት የሆነውንና ዕድሜ የሆነውን ለዩ። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ ከሸተተና እየቆየ ከባሰበት የቡሽ ብልሽት ነው። ቲሲኤ የሚባለው ንጥረ ነገር ያመጣዋል፤ በአንድ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ይበቃዋል። ጤና አይጎዳም፣ መድኃኒትም የለውም። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በኃይል ከሸተተ አልፎበታል። የተቆረጠና የጠቆረ ፖም ከሸተተ አየር ገብቶታል። የፈረስ ጋጣ ሽታ ላይ ሰው ይለያያል፤ እኔ ጥቂቱን እወደዋለሁ፣ ሲበዛ ግን ወይኑን ይሸፍነዋል።

ብርጭቆውን ቶሎ አትጨርሱት

በአሥር ደቂቃ፣ በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለት ሰዓት እየተመለሳችሁ ቅመሱ። በየጊዜው አንድ መስመር ጻፉ። አንድ ሃያ ዓመት ያለፈው ባሮሎ ላይ የጻፍኩት ደብተሬ ውስጥ አለ። ሲከፈት "እንጉዳይ፣ ዝግ ያለ" ይላል። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ "ሬንጅ መጣ፣ ከኋላው አበባ"። አንድ ሰዓት ላይ "ቼሪ! የት ነበር?" ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ "እየሄደ ነው"። መጀመሪያ ላይ ጨርሼው ቢሆን የማውቀው እንጉዳዩን ብቻ ነበር።

የተረፈ ካለ 375 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ ክተቱት። በጣም የቆየ ከሆነ ግን ለነገ አታሳድሩት። ዲካንተሩን ያለ ሳሙና በሙቅ ውኃ ብቻ አለቅልቁና ዘቅዝቁት፤ የሳሙና ሽታ ለቀጣዩ ወይን ይተርፋል።

ብርጭቆውን ግን ያን ሌሊት አትጠቡት። ሥሩ ላይ የቀረችው ጠብታ ትደርቃለች። ጠዋት ስትነሡ፣ ከምንም ነገር በፊት፣ አፍንጫችሁን አስገቡበት። አልኮሉ በኖ ሄዷል። የቀረው ሌላ ነው፤ አንዳንዴ ማር፣ አንዳንዴ ያረጀ እንጨት፣ አንዳንዴ ማታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፈልጋችሁ ያጣችሁት አበባ። እሱንም ደብተሩ ላይ ጨምሩት፣ ከዚያ ብርጭቆውን እጠቡ።